ጀማሪ የቴክኖሎጂ ድርጅት ለመጽናት ምን ያስፈልገዋል?

ስንዴ የሚዘራ ገበሬ እሸቱን ከመቅመሱ በፊት መሬቱን ማረስና ማለስለስ፣ ዘሩን መምረጥ፣ ዝናሙን መጠበቅ፣ አረሙንም መንቀል እንዳለበት ያውቃል። ከአባቱ ያየው፣ በራሱም ክንድ የለመደው ነገር ስለሆነ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም። አዲስ የቴክኖሎጂ ድርጅት ለማቋቋም በሚነሣ ወጣት ዓይን ፊት የሚታየው ግን ብዙውን ጊዜ እሸቱ ብቻ ነው። በጋዜጣና በቴሌቪዥን የሚነገርለት ለፍሬ የበቃው ድርጅት ነው፤ በጅምር የቀሩት ወሬያቸውም አይሰማ። ስለዚህ ወጣቱ «ጥሩ ሐሳብ አለኝ፤ ኮምፒዩተር አለኝ፤ ገንዘብ የሚሰጠኝ ሰው ብቻ ባገኝ» ብሎ ያስባል። በእርግጥ ጥሩ ሐሳብና ገንዘብ ብቻ ይበቃሉን? ካልበቁስ የጎደለው ምንድን ነው? ይህ ጽሑፍ ይህን ጥያቄ ለመመለስ የተዘጋጀ ነው።

ጥያቄው ክብደት አለው። አንድ ጀማሪ ድርጅት ሲወድቅ የሚጠፋው የመሥራቹ ገንዘብ ብቻ አይደለም። አባት በሬ ሸጦ የሰጠው ብር፣ እኅት በባሕር ማዶ ደክማ የላከችው ጥሪት፣ ጓደኛ ደመወዝ ያለው ሥራውን ትቶ ያፈሰሰው ሁለትና ሦስት ዓመት አብሮ ይጠፋል። በአሜሪካ አገር የሚወጡ የመንግሥት አኀዞች እንደሚያሳዩት፣ አዲስ ከሚቋቋሙት የንግድ ድርጅቶች ግማሽ ያህሉ አምስተኛ ዓመታቸውን ከመሻገራቸው በፊት ይዘጋሉ። ሀብትና ልምድ በሞላበት አገር ነገሩ እንዲህ ከሆነ፣ ጥሪት በሚያንስበት አገር የሚነሣ ወጣትማ አስቀድሞ ማሰብ እጥፍ ግዴታው ነው።

ከሁሉ አስቀድመን የምንነጋገርበትን ነገር ምንነት እንለይ። «ጀማሪ የቴክኖሎጂ ድርጅት» ወይም በተለመደው አጠራር «ስታርት አፕ» የምንለው፣ አዲስ የቴክኒክ ዕውቀትን መሠረት አድርጎ፣ ከዚያ በፊት ያልነበረ ዕቃ ወይም አገልግሎት ለገበያ ለማቅረብና በፍጥነት ለማደግ የሚነሣ ድርጅት ነው። ከሌላው ንግድ የሚለይበትን ጠባይ በምሳሌ እንመልከት። በአንድ ከተማ ወፍጮ ቤት የሚከፍት ሰው ብዙ ነገር አስቀድሞ ያውቃል። እህል የሚያስፈጭ ሰው እንዳለ፣ ለአንድ ኩንታል ስንት እንደሚከፈል፣ ወፍጮው ከየት እንደሚገዛ ጠይቆ ይረዳል። ጀማሪ የቴክኖሎጂ ድርጅት ግን ይህን ሁሉ አያውቅም። ዕቃው ይሠራ እንደሆነ፣ ቢሠራም የሚገዛው ይገኝ እንደሆነ፣ ገዢ ቢገኝም የሚከፈለው ዋጋ ወጪውን ይችል እንደሆነ ገና አልተረጋገጠም። እንግዲህ የእንዲህ ዓይነቱ ድርጅት ኑሮ እሽቅድድም ነው፤ እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ ከማግኘታቸውና ገንዘቡ ከማለቁ የትኛው እንደሚቀድም የሚታይበት እሽቅድድም።

ነገሩን ጠለቅ ብለን ለመረዳት በእውነት የሆነ አንድ ታሪክ እንከተል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።

በ1945 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ የጃፓን ዋና ከተማ ቶኪዮ በቦምብ ጋይታ ነበር። በዚያው ዓመት ማሳሩ ኢቡካ የተባለ መሐንዲስ ጥቂት ጓደኞቹን ይዞ፣ በጦርነቱ በተጎዳ አንድ ትልቅ የመደብር ሕንፃ ውስጥ አነስተኛ የራዲዮ መጠገኛ ክፍል ከፈተ። በጦርነቱ ጊዜ ሕዝቡ የውጭ አገር ወሬ በአጭር ሞገድ እንዳያዳምጥ ተከልክሎ ስለ ነበር፣ ኢቡካና ጓደኞቹ በተራ ራዲዮ ላይ ተገጥሞ የአጭር ሞገድ ሥርጭት የሚያሰማ መሣሪያ እየሠሩ ሸጡ። የዓለምን ወሬ የተጠማው ሕዝብም በደስታ ገዛቸው። ስለ ሥራቸው በአንድ ጋዜጣ የወጣውን አጭር ጽሑፍ ያነበበው አኪዮ ሞሪታ የተባለ ወጣት የፊዚክስ ምሁር፣ ኢቡካን ከጦርነቱ ዘመን ጀምሮ ያውቀው ነበርና ሊተባበረው መጣ። በግንቦት 1946 ሃያ ያህል ሠራተኞች ያሉት ኩባንያ በሕግ ተቋቋመ። ስሙም «ቶኪዮ ቱሺን ኮግዮ» ተባለ። ዛሬ ዓለም «ሶኒ» እያለ የሚጠራው ድርጅት ይህ ነው።

ይህ ኩባንያ በመጀመሪያ ዘመኑ ከሠራቸው ዕቃዎች አንዱ የኤሌክትሪክ ሩዝ ማብሰያ ነበር። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ ሩዝ የጃፓኖች የዕለት ምግብ ነው። ነገር ግን ከእንጨት ባልዲና ከአሉሚኒየም የተሠራው ማብሰያ ሩዙን አንድ ጊዜ ጥሬ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ያረረ ወይም የላቆጠ እያደረገ አስቸገረ። እንደ ሩዙ ዓይነትና እንደ ውሃው መጠን ውጤቱ ይለያይ ስለ ነበር ለገበያ ሳይበቃ ቀረ። ኩባንያው ግን በዚህ አልሞተም። ለሠራተኞች ደመወዝ የሚሆን ገንዘብ ለማግኘት በኤሌክትሪክ የሚሞቅ መቀመጫ እየሰፋ ሸጠ፤ የራዲዮ ጣቢያዎችን መሣሪያም ጠገነ፤ እንዲሁ እያለ ወደሚፈልገው ሥራ እስኪደርስ ድረስ ቆየ።

ከዚህ የምናገኘው የመጀመሪያው ትምህርት የሚከተለው ነው። ጀማሪ ድርጅት በመጀመሪያ ደረጃ የሚያስፈልገው በእውነት ያለ ችግርና ችግሩ እንዲቃለልለት የሚሻ ሰው ነው። የአጭር ሞገዱ መሣሪያ የተሸጠው ሕዝቡ ሊሰማው የሚፈልገው ወሬ ስለ ነበረ ነው። በአንጻሩ ብዙ ወጣቶች የሚነሡት ከችግሩ ሳይሆን ከመሣሪያው ነው። አንድ አዲስ ቴክኖሎጂ ያዩና «ይህን ለምን ላውለው?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ከዚያም ችግር ይፈልጉለታል። መዶሻ ይዞ ምስማር ከመፈለግ ግን የላላውን በር አይቶ መዶሻ ማምጣት ይሻላል። እናንተም አንድ ሐሳብ ሲመጣላችሁ «ይህን ችግር የሚያውቀው ማን ነው? ዛሬ በምን ዘዴ እየተወጣው ነው? ለዚያስ ምን ያህል ገንዘብና ጊዜ ያወጣል?» ብላችሁ ጠይቁ። ችግሩን ለመወጣት ዛሬ ምንም የማያወጣ ሰው፣ ነገ ለእናንተ ዕቃ ገንዘብ ያወጣል ብሎ ማሰብ ያዳግታል።

ሁለተኛው የሚያስፈልገው ነገር ሥራውን የሚያውቁና እርስ በርሳቸው የሚተማመኑ ሰዎች ናቸው። ኢቡካ በቴክኒክ ሥራ የተካነ ነበር፤ ሞሪታ ደግሞ ሳይንሱን ከማወቁም በላይ ገበያውንና ሰውን የመረዳት ልዩ ስጦታ ነበረው። አንዱ የሠራውን ሌላው መሸጥ ቻለ። ሞሪታ ከብዙ ትውልድ ጀምሮ የሩዝ ጠጅ ይጠምቅ በነበረ ቤተ ሰብ ውስጥ የተወለደ የበኩር ልጅ ስለ ነበር፣ እንደ አገሩ ልማድ የአባቱን ሥራ መውረስ ይጠበቅበት ነበር። ጓደኞቹ አባቱ ዘንድ ሄደው ልጁን እንዲፈቅዱላቸው ለመኑ። አባትየውም ፈቀዱ፤ በኋላም ኩባንያው በተቸገረ ጊዜ ገንዘብ አበደሩ። ዕውቀት፣ የንግድ ችሎታና የቤተ ሰብ እምነት በአንድ ላይ ባይገኙ ኖሮ የኩባንያው ዕድሜ አጭር በሆነ ነበር። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ» እንዲሉ፣ የአንድ ጀማሪ ድርጅት ሸክም በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ብቻ ሲወድቅ ይከብዳል።

ይሁን እንጂ መተማመን ማለት ስምምነትን በጽሑፍ አለማስፈር ማለት አይደለም። የሚዋደዱ ጓደኞች ሥራ ሲጀምሩ ድርሻቸውን መነጋገር ያፍራሉ። ትርፍ በሌለበት ጊዜ ጠብ የለም፤ ትርፍ ሲመጣ ወይም ኪሳራ ሲበዛ ግን ያልተጻፈው ቃል በየልቡ የተለያየ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ማን ምን ያህል ድርሻ እንዳለው፣ ማን ምን እንደሚሠራ፣ አንዱ ትቶ ቢወጣ ድርሻው ምን እንደሚሆን ገና በፍቅሩ ቀን ተጽፎ መፈረም አለበት። ይህን ማድረግ ጓደኛን መጠርጠር አይደለም፤ ጓደኝነትን ከክፉ ቀን መጠበቅ ነው።

ሦስተኛው የሚያስፈልገው ገዢውን ማወቅና ከእርሱ መማር ነው። ወደ ኢቡካና ወደ ሞሪታ እንመለስ። በ1950 ኩባንያቸው በጃፓን የመጀመሪያ የሆነውን ባለ ክር የድምፅ መቅረጫ መሣሪያ ሠርቶ ለገበያ አቀረበ። በወቅቱ ለክሩ የሚሆን ፕላስቲክ ስላልነበረ ክሩን ከወረቀት ቆርጠው፣ የሚቀባውን ዱቄት በመጥበሻ ቆልተው በብሩሽ እየቀቡ ነበር የሠሩት። መሣሪያው ይሠራል፤ ያየው ሁሉም ያደንቃል። ነገር ግን ከሠላሳ ኪሎ በላይ የሚመዝን ከመሆኑም በላይ ዋጋው ከተራ ሰው አቅም እጅግ የራቀ ስለ ነበር፣ እየሳቀ ድምፁን የሚያስቀርጽ እንጂ ገንዘብ አውጥቶ የሚገዛ ጠፋ። ሞሪታ በኋላ እንደ ተረከው፣ አንድ ቀን በአንድ የጥንት ዕቃ መሸጫ ሱቅ ደጃፍ ሲያልፍ፣ አንድ ሰው ከመቅረጫው የሚበልጥ ዋጋ ከፍሎ አሮጌ ማሰሮ ሲገዛ አየ። ይህን ጊዜ አንድ ነገር ገባው። ሰውየው ማሰሮውን የገዛው ዋጋውን ስላወቀለት ነው። የእነርሱን መሣሪያ ዋጋ የሚያውቅለትስ ማን ነው? እየጠየቁ ሲሄዱ በጃፓን ፍርድ ቤቶች ቃል የሚጽፉ ጸሐፊዎች እጥረት እንዳለ ደረሱበት። መሣሪያውን ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ወስደው አሳዩ፤ ፍርድ ቤቱም ሃያ ያህል መሣሪያ ገዛ። ቀጥለው ወደ ትምህርት ቤቶች ሄዱ፤ ለትምህርት ቤት እንዲስማማም መጠኑን አሳንሰው፣ ዋጋውን ቀንሰው ሌላ ሠሩ። መሣሪያው ያው ነበር፤ የተለወጠው ለማን እንደሚያስፈልግ ማወቃቸው ነበር።

በአፍሪካም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። በኬንያ በ2005 በሞባይል ስልክ አማካይነት ገንዘብ የሚተላለፍበት ዘዴ በሙከራ ላይ ዋለ። የመጀመሪያው ዓላማ አነስተኛ ብድር የወሰዱ ሰዎች ዕዳቸውን በስልክ እንዲከፍሉ ለማድረግ ነበር። ሙከራውን የሚመሩት ሰዎች ግን ተጠቃሚዎቹ ያልተጠበቀ ነገር ሲሠሩ አዩ። ሕዝቡ ገንዘቡን በስልክ እርስ በርሱ ይላላክበት ጀመር። በከተማ ሠርቶ የሚያድር ልጅ በገጠር ላሉት ወላጆቹ ገንዘብ የሚልከው በአውቶቡስ ሹፌር ወይም በሚያምነው መንገደኛ እጅ ነበርና፣ ትልቁ ችግር ይህ ሆኖ ተገኘ። መሪዎቹ በመጀመሪያው ሐሳባቸው ድርቅ ብለው አልቀሩም፤ በ2007 «ኤም ፔሳ» የተባለው አገልግሎት በሳፋሪኮም ኩባንያ አማካይነት ለሕዝብ ሲከፈት ዋና ሥራው ገንዘብን ወደ ቤት መላክ ሆነ። ኤም ፔሳ በትልቅ ኩባንያ ውስጥ የተወለደ እንጂ ራሱን ችሎ የተቋቋመ ጀማሪ ድርጅት አይደለም። ቢሆንም የሚያስተምረው ነገር ለጀማሪው ሁሉ ይሆናል፦ ገዢው የሚናገረውን ከመስማት ይልቅ የሚያደርገውን ማየት ይበልጣል። «ሐሳብህ ጥሩ ነው» የሚል ወዳጅ ብዙ ነው፤ ገንዘቡን አውጥቶ ከኪሱ የሚከፍል ግን እውነተኛው ምስክር እርሱ ነው።

አራተኛው የሚያስፈልገው ገንዘብ ነው። ገንዘብን በአራተኛ ደረጃ ማስቀመጣችን አያስፈልግም ለማለት አይደለም። ሆኖም ስንት እንዳለ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደሚያዝ ማወቅ ያሻል። በ1939 ዊልያም ሂውሌትና ዴቪድ ፓካርድ የተባሉ ሁለት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ምሩቃን፣ በካሊፎርኒያ በፓሎ አልቶ ከተማ በአንድ የመኪና ማደሪያ ቤት ውስጥ ሥራ ሲጀምሩ የነበራቸው መነሻ ገንዘብ 538 ዶላር ብቻ ነበር። ያበረታታቸውም ፍሬድሪክ ተርማን የተባለው መምህራቸው ነው። የመጀመሪያ ምርታቸው የድምፅ መሣሪያዎችን ለመፈተሽ የሚያገለግል ነበር፤ የፊልም ሠሪው የዋልት ዲዝኒ ኩባንያም ከተሻሻለው ዓይነት ስምንቱን ገዛቸው። ሆኖም ፓካርድ እንደ ጻፈው፣ በመጀመሪያ ለመሣሪያው ያወጡት 54 ዶላር ከ40 ሣንቲም የማምረቻውን ወጪ እንኳ የማይሸፍን ሆኖ አገኙት። ደግነቱ የተወዳዳሪያቸው ዕቃ ዋጋ ከዚያ ብዙ እጥፍ ስለ ነበር ዋጋቸውን ለማስተካከል ቻሉ።

እስኪ ይህን በሒሳብ እንየው። ሦስት ጓደኞች በከተማቸው ውስጥ ዕቃ በሞተር ብስክሌት የሚያደርስ ድርጅት አቋቋሙ እንበል። በእጃቸው 600,000 ብር አለ፤ ለደመወዝ፣ ለቤት ኪራይና ለሌላውም በየወሩ 50,000 ብር ያወጣሉ። ምንም ገቢ ባይኖራቸው ስንቃቸው የሚያደርሳቸው 12 ወር ነው። በየወሩ ከወጪ ቀሪ 20,000 ብር ቢያስገቡ የሚጎድልባቸው 30,000 ብር ይሆንና ስንቃቸው ወደ 20 ወር ይረዝማል። እነዚህ ስምንት ወራት ቀላል አይደሉም፤ አንድን ስሕተት ለማረም የሚበቃ ጊዜ ነው። ነገር ግን አንድ ዕቃ ለማድረስ 80 ብር እያወጡ ከገዢው 60 ብር ቢቀበሉስ? በቀን አሥር ዕቃ ቢያደርሱ የሚከስሩት 200 ብር ነው፤ ሥራው ደርቶ በቀን አንድ ሺህ ዕቃ ቢያደርሱ ኪሳራው 20,000 ብር ይሆናል። እንግዲህ የሥራ መብዛት ብቻውን ኪሳራን ወደ ትርፍ አይለውጥም፤ እንዲያውም ያፋጥነዋል። ብዛት የሚጠቅመው የአንዱን ዕቃ ወጪ የሚቀንስ ከሆነ ብቻ ነው።

ይህን ያልተረዳ ሰው ብዙ ገንዘብ ባገኘ መጠን አወዳደቁ ይከፋል። በአሜሪካ «ዌብቫን» የተባለ፣ ምግብና ሸቀጣ ሸቀጥ በኢንተርኔት ታዝዞ ቤት ድረስ የሚያመጣ ድርጅት በ1999 በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ሥራ ጀመረ። ባለ ገንዘቦች በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር አፈሰሱለት። ድርጅቱ በመጀመሪያው ከተማ አትራፊ መሆኑን ሳያረጋግጥ በሌሎች ከተሞች እጅግ ውድ የሆኑ መጋዘኖችን ለማሠራት ተዋዋለ። በ2001 ገንዘቡ አለቀ፤ ድርጅቱም ከሰረ፤ ሁለት ሺህ ያህል ሠራተኞችም ሥራ ፈቱ። ሐሳቡ ከንቱ እንዳልነበረ ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበት መሆኑ ያስረዳል። የጎዳው ችኮላው ነው፤ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው ተረት ለዚህ የተነገረ ይመስላል። ከዚህም ሌላ ያልተፈለገ ብድር አደገኛ መሆኑን አበው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ብለው አስጠንቅቀዋል። ገንዘብ የሚሰጥ ሁሉ በምላሹ አንድ ነገር ይጠይቃል፤ ወይ ወለድ ነው፣ ወይ የድርጅቱ ድርሻ ነው።

አምስተኛው የሚያስፈልገው ጥልቅ ዕውቀትና ትዕግሥት ነው። ትራንዚስተር የተባለው ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚያጎላ መሣሪያ በ1947 በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ተፈለሰፈ። ኢቡካ በ1952 ወደ አሜሪካ በሄደ ጊዜ የመሣሪያው የማምረት ፈቃድ በ25,000 ዶላር እንደሚሸጥ ሰማ፤ በ1953ም ኩባንያው ከዌስተርን ኤሌክትሪክ ጋር ተዋዋለ። ሻጮቹ መሣሪያው የሚያገለግለው ለመስማት ለተሳናቸው ሰዎች ማዳመጫ እንደሆነ መከሩ። ኢቡካ ግን በኪስ የሚያዝ ራዲዮ ሊሠራበት አሰበ። ፈቃዱን መግዛት ብቻውን ሥራውን አላስገኘም። መሐንዲሶቹ በየቀኑ ከሚሠሯቸው ትራንዚስተሮች ብዙዎቹ ብልሹ እየሆኑ ይጣሉ ነበር፤ ምክንያቱን አንድ በአንድ መርምረው እስኪደርሱበት ድረስ ብዙ ደከሙ። በመጨረሻም በ1955 የመጀመሪያው የትራንዚስተር ራዲዮአቸው ለገበያ ቀረበ።

ልብ በሉ፤ በዓለም የመጀመሪያውን የትራንዚስተር ራዲዮ ለገበያ ያወጡት እነርሱ አልነበሩም። በአሜሪካ «ሪጀንሲ» የተባለው ራዲዮ በ1954 ቀድሟቸው ነበር። ቀድሞ መጀመር መልካም ነው፤ ነገር ግን ጸንቶ ማሻሻል ይበልጣል። በ1955 አንድ ታዋቂ የአሜሪካ የሰዓት ኩባንያ የራሱ ስም እንዲለጠፍባቸው በማለት 100,000 ራዲዮ ለማዘዝ በጠየቀ ጊዜ ሞሪታ እንቢ አለ። ትእዛዙ ኩባንያቸው ያኔ ከነበረው አቅም የላቀ ነበር፤ እርሱ ግን በሰው ስም የተሸጠ ዕቃ ለኩባንያው ዝና እንደማያተርፍ አመነ። በ1958 ኩባንያው ራሱ «ሶኒ» የሚለውን አጭር ስም ወሰደ። መልካም ስም በብዙ ዓመት ይገነባል፤ በአንድ ብልሹ ዕቃ ወይም በአንድ የታጠፈ ቃል ይፈርሳል።

ስድስተኛውና የመጨረሻው የሚያስፈልገው የተመቸ አካባቢ ነው። ዘር መልካም ቢሆን እንኳ በድንጋይ ላይ አይበቅልም። ሶኒ የትራንዚስተሩን ፈቃድ ሊገዛ ሲል የጃፓን መንግሥት የውጭ ምንዛሪውን ለመፍቀድ ወራት አመንትቷል። በኬንያ ኤም ፔሳ ሊጀመር የቻለው የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ ነገሩን መርምሮ ተቃውሞ እንደሌለው ካስታወቀ በኋላ ነው። በአገራችንም የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2020 ባወጣው መመሪያ ባንክ ያልሆኑ ድርጅቶች በስልክ የክፍያ አገልግሎት ለመስጠት እንዲፈቀድላቸው ሆነ፤ በ2021 የኢትዮ ቴሌኮም «ቴሌብር» ሥራ ጀመረ፤ በ2023ም ኤም ፔሳ ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ቴክኖሎጂው ከዚያ በፊት ብዙ ዓመት የነበረ መሆኑን ስናስብ፣ ሕግ በር መክፈትና መዝጋት እንደሚችል እንረዳለን። ከሕጉም ሌላ የማይቋረጥ ኤሌክትሪክ፣ የሚደርስ የስልክ መሥመር፣ ውልን የሚያስከብር ፍርድ ቤት፣ ተማሪውን የሚያበረታታ መምህር ሁሉ የዚህ አካባቢ ክፍሎች ናቸው። ጀማሪው እነዚህን ሁሉ ብቻውን ሊያሟላ አይችልም፤ የትኛው እንደ ጎደለ አስቀድሞ ማወቅና ሥራውን በዚያው ልክ መተለም ግን ይችላል።

እነዚህ ስድስት ነገሮች ከተሟሉ ድርጅቱ በእርግጥ ይጸናልን? እውነቱን ለመናገር፣ አይታወቅም። ዕድልም የራሱ ድርሻ አለው። ሞሪታ ያቺን አጭር የጋዜጣ ጽሑፍ ባያነብ ኖሮ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዝ እንደሆነ ማን ያውቃል? ነገር ግን ዕድል የሚጠቅመው ተዘጋጅቶ ለቆየ ሰው ነው። ዝናም ለሁሉም ማሳ ይዘንባል፤ የሚያበቅለው ግን የታረሰው ነው። የሩዝ ማብሰያው የከሸፈባቸው ሰዎች ለቀጣዩ ሥራ የሚበቃ ስንቅ ባያስቀሩና አብረው ባይቆዩ ኖሮ፣ መልካሙ ዕድል ሲመጣ የሚቀበለው ሰው ባላገኘ ነበር።

እንግዲህ እናንተ የዛሬ ተማሪዎች፣ ከመካከላችሁ አንዳንዳችሁ ነገ እንዲህ ያለውን ሥራ ትጀምሩ ይሆናል። ዝግጅቱ ግን ዛሬ በእጃችሁ ነው። ሒሳብና ሳይንስ በምትማሩበት ጊዜ ለፈተና ብቻ ሳይሆን ለመረዳት ተማሩ። በሠፈራችሁ ሰዎች ምን እንደሚቸግራቸው በትዕግሥት አዳምጡ። በእጃችሁ የሚገባውንና የሚወጣውን ገንዘብ፣ ጥቂትም ቢሆን፣ በደብተር መዝግቡ። ከጓደኛ ጋር አንድ ሥራ ጀምራችሁ መፈጸምን ልመዱ። የሰጣችሁትንም ቃል ጠብቁ። የሰው በሬ ተሸጦ በእጃችሁ ሲገባ እነዚህ ልማዶች አስቀድመው ከእናንተ ጋር ሊኖሩ ይገባል፤ በዚያን ቀን ልጀምራቸው ቢሉ አይደርሱምና።

መልመጃ

ሀ. ምንባቡን መሠረት በማድረግ ለሚከተሉት ጥያቄዎች በተሟላ ዐረፍተ ነገር መልስ ስጡ።

1. ወፍጮ ቤት የሚከፍት ሰውና ጀማሪ የቴክኖሎጂ ድርጅት የሚያቋቁም ሰው የሚለያዩት በምንድን ነው?
2. የድምፅ መቅረጫው በመጀመሪያ ያልተሸጠው፣ በኋላም የተሸጠው ለምንድን ነው?
3. «የሥራ መብዛት ብቻውን ኪሳራን ወደ ትርፍ አይለውጥም» የተባለው ለምን እንደሆነ በራሳችሁ ሒሳብ አስረዱ።
4. ሞሪታ 100,000 ራዲዮ የማምረቱን ትእዛዝ አለመቀበሉ ትክክል ነበር ትላላችሁን? ምክንያታችሁን ግለጹ።

ለ. የሚከተሉት ቃላት በምንባቡ ውስጥ ያላቸውን ፍቺ ከጻፋችሁ በኋላ በየራሳቸው ዐረፍተ ነገር ሥሩባቸው።

ጥሪት፣ ስንቅ፣ ብልሹ፣ አመነታ፣ ተለመ

ሐ. በምንባቡ ውስጥ «ስለዚህ»፣ «ነገር ግን»፣ «በአንጻሩ»፣ «ይሁን እንጂ» የሚሉትን ማያያዣዎች ፈልጋችሁ እያንዳንዱ ምንን ከምን እንደሚያያይዝ አስረዱ።

መ. በአካባቢያችሁ ያለ አንድ ችግር መርጣችሁ፣ ችግሩ የማን እንደሆነ፣ ዛሬ በምን ዘዴ እንደሚወጡትና እንዴት ሊቃለል እንደሚችል የሚገልጽ ሦስት አንቀጽ ያለው ድርሰት ጻፉ።